አራት ዓመት የተጨመረበት ፊት

ባግዳድ

ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ብርዱ ሲገባ ጉልበትሽ እንደሚነሳብሽ አውቃለሁና በሱፍ ጠቅልይው። እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። የላክሽው የቴምር ማር ደርሶኛል። አብራኝ የምታድረው ባልቂስ ግማሹን ጨርሳ፣ “እናትሽ ሌላ ሴት ልጅ ካማራት አለሁ በያት” ብላለች።

ይህንንም እንደ ወትሮው የምታነብልሽ የሻኪር ሚስት ናት። ናጂያ፣ ሰላም ብዬሻለሁ።

ስለ ትምህርቴ ጠይቀሽኛል። በመጀመሪያው ዓመት ቀለም አያስነኩንም። መስመር፣ ጥላና ልክ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት የጀሶ ራሶች ፊት ቆመን በከሰል እንስላለን። መምህራችን ኡስታዝ ናዚም ከኋላችን እየዞረ፣ “ይሄ ራስ ነው ሐብሐብ?” ይላል። የሚታየውን እንጂ የምናውቀውን እንዳንስል ይቆጣናል። እኔን ያቃተኝም ይኸው ነው። የጥንት ንጉሥ ስስል ቅንድቡ የወንድሜ የሻኪር ሆኖ ይወጣል። የአሮጊት ራስ ስስል አገጯ የእሱ ነው። ባልቂስ አይታ፣ “አንቺ፣ ሴትዮዋን ወታደር አደረግሻት እኮ!” ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ራሶቹ ያሉበት አዳራሽ ብቻዬን አልገባም።

ያዘዝሽኝን አልረሳሁም። ሻኪር በሃያ ሁለት ዓመቱ ግንባር ከጠፋ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ያለን ፎቶ ደግሞ ያኔ ሲሄድ የተነሳው ነው። “የሚመጣልኝ ትልቅ ሰው ነው። በር ሲያንኳኳ ‘ማንን ፈለግህ?’ እንዳልለው፣ አሁን የሚመስለውን ሳዪልኝ” ብለሽኝ ነበር።

ኡስታዝ ናዚምን እንዴት እንደሚሠራ ጠየቅሁት። አላሾፈብኝም። ዕድሜ ከዓይን ጥግ እንደሚጀምር፣ ከዚያ ጉንጭ እንደሚወርድ አሳየኝ። መንጋጋውን አሰፋሁት፣ ጺሙን አወፈርሁት። አባዬ ቶሎ ሸብቶ ስለነበር ጆሮ ግንዱ ላይ ትንሽ ሽበት ጨመርሁበት። ጥሩ ሆኖ ነበር፣ እናቴ። ባየሁት ቁጥር አንድ ነገር ሊነግረኝ የቸኮለ ይመስለኝ ነበር።

ለክፍላችን እየተቀመጠ የሚሳልልን ጋድባን የሚባል ሰው አለ። አንድ እግሩ ተቆርጦ ከጦሩ ተሰናብቷል። ዕረፍት ሲሆን በምርኩዙ እየዞረ ሥራችንን ያያል። “አፍንጫዬን ደበርጃን ያደረገችው የትኛዋ ናት? ከመቆረጤ በፊት ብታዩኝ እኮ ታገቡኝ ነበር!” እያለ መጣና እኔ ጋ ሲደርስ ስዕሉ ላይ ጎንበስ አለ።

“ይሄ የናሲሪያው ሻኪር ነው” አለ፣ ከነከተማችን ጠርቶ። “ሽበቱን ከየት አመጣሽው፣ እህቴ?”

ወንድሜ እንደሆነና አሁን የሚመስለውን እንደሳልሁ ነገርሁት። ምርኩዙን ይዞ ሄዶ ተቀመጠ። ኡስታዝ ናዚም፣ “ጋድባን፣ ወደ ፊት ተመልከት እንጂ!” እያለው ፊቱን ወደ ስዕሌ ያዞር ነበር።

ከክፍል በኋላ ደጅ ሻይ ጋበዘኝ። ሻኪር ካልሲውን እያጠበ እንደሚዘፍን፣ ድምፁም የሚያስጠላ እንደነበር ነገረኝ። የጋድባን እግር በተመታበት ቀን አጠገብ ለአጠገብ ነበሩ። እሱን ተሸክመው ያወጡት ሰዎች ሻኪርን ለምን እንዳላወጡት ጠየቅሁት። ነገረኝ። ሻዩን ሁለታችንም አልጠጣነውም።

ክፍል ተመልሼ ብቻዬን ገባሁ። ትቆጪኛለሽ፤ እዚህ ከሰል የሚጠፋው በዳቦ ነው። ወድቆ ሲገኝ ስመሽ የምታነሽውን ዳቦ ፈርፍሬ ሽበቱን ጠረግሁ። የዓይኑን ጥግ ጠረግሁ። ጉንጩን ወደ ነበረበት መለስሁት።

ናጂያ፣ እዚህ ላይ እንዳታቆሚ፤ አንብቢላት።

ስዕሉን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። እንዳዘዝሽኝ አይደለም። ሻኪር ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የምጨምርለት ዕድሜ አላገኘሁም።

የናጂያ አባት ልጄን ልውሰድ ብሎ ሲመጣ መልሰሽዋል። ደግሞ ከመጣ አስገቢው፣ አብልተሽ አስተናግጅው። እሷም ገና ልጅ ናት።

ትምህርት ሲዘጋ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። እስከዚያ ብቻሽን አትቀመጭ፤ ጎረቤቶች ይምጡልሽ። አላህ ያጽናሽ፣ እናቴ። ሁለታችሁንም ያጽናችሁ።

የቀረሁልሽ ልጅሽ