ከላይ የጎደለው ድምፅ

ጥቅምት 4

ባለቤቴ ወደ ልብስ ስፌት ሱቋ ሄደች። ቁርስ በላሁ፣ ሳህን አጠብኩ፣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ዘፈን አጫወትኩ። ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ የተጠቀለለ ይመስላል። ዘፋኟ እትዬ አሉ፣ ቤዝ ጊታሩ አለ፣ ከበሮው አለ… ከላይ፣ ከቀጭኑ ድምፅ በኩል፣ ግን የሆነ ነገር ጎድሏል።

ስቱዲዮው ሲዘጋ ዕቃው ተሸጠ። የቀረኝ ይህ ኮምፒውተርና ሁለት ስፒከር ነው። እዚያ አንድ ክፍል ሙሉ ማሽን ነበረ፤ እዚህ አንድ ጠረጴዛ። ምን ይጠበቃል?

ስምንት ዘፈን ነው። ተቀርጾ አልቋል። የእኔ ሥራ ማመጣጠን ነው፤ ማን ወደፊት ይውጣ፣ ማን ወደኋላ ይበል፣ የቱ ይቅጠን፣ የቱ ይወፍር። እትዬ ከስንት ዘመን ዝምታ በኋላ የሚያወጡት ሥራ ነው። ለሌላ ሰው መስጠት ይችሉ ነበር። አንተው ሥራው፣ የድሮ ጆሮ ይሻለኛል አሉኝ። ይህ ከተበላሸ ከእንግዲህ ሥራ የሚሰጠኝ የለም። ሌላ ሙያ ደግሞ አላውቅም።

ጥቅምት 6

ጥፋቱን ያገኘሁት መሰለኝ። ኮምፒውተሩ ሳይጠየቅ በራሱ ድምፅ "ያሳምራል"። ማስተካከያው ውስጥ ተደብቆ በርቶ ነበር። አጠፋሁት። ለማነጻጸሪያ የማጫውታቸው የድሮ ዘፈኖችም በስልክ ለመላክ የተጨመቁ ናቸው። ሲጨመቅ ብዙ ነገር ይጣላል። ያልተጨመቁትን ፈልጌ ጫንኩ።

ትንሽ ተሻለ… ወይስ እንዲሻል ስለፈለግኩ?

ጥቅምት 9

የውጭ የድምፅ ካርድ ገዛሁ። መዳፍ የምታህል ጥቁር ሳጥን። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ካርድ ማራገቢያው አጠገብ ነው የተቀመጠው፤ የኤሌክትሪኩ ጉርምርምታ ሁሉ ይገባበታል። ይቺ ግን ውጭ ሆና በኬብል ትገናኛለች።

ባለቤቴ ስትመለስ ሳጥኗን አገላብጣ አየቻት። ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች አለች። ድምፅ ታጠራለች አልኳት። እስቲ ዕቃ ማጠብም ትችል እንደሆን ጠይቃት አለች።

ጉርምርምታው በእርግጥ ጠፋ። ታችኛው ክፍል እንደ ምንጭ ውኃ ጠራ። ላይኛው ያው ነው።

ጥቅምት 12

ጥፋቱ ስፒከሮቹ መደርደሪያ ላይ መሆናቸው ነው። መደርደሪያው አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ግድግዳ መትቶ ይመለሳል። አወረድኳቸው። ከጆሮዬ ትክክል አደረግኳቸው፣ ከግድግዳው አራቅኳቸው፣ ከሥራቸው ከአሮጌ ፍራሽ የቆረጥኩትን ስፖንጅ አነጠፍኩ። ሁለቱ ስፒከሮችና እኔ እንደ ሦስት ጉልቻ እኩል ተራርቀን ተቀመጥን። ጥጉ ላይ ድምፅ እንዳይጠራቀም ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። አልበቃም። ከባለቤቴ ጨርቆች ጨመርኩ።

ገና ከመግባቷ አየችው።

"ይሄ የደንበኛ ሱፍ ነው እኮ።"

"ለጊዜው ነው።"

"ሰውየው ነገ ሊለካ ይመጣል። ግድግዳ ለብሶታል ልበለው?"

ሱፉን አወረድኩ።

ጥቅምት 13

ሲምባሉ፣ የከበሮው ናስ ሳህን፣ አሁንም የለም። ሲመታ ስክሪኑ ላይ ይታየኛል። እንዴት የሚታይ ነገር አይሰማም? ከላይ ጨመርኩለት። አሁንም ጨመርኩለት።

ጥቅምት 15

ሄድፎን ተዋስኩ። ክፍሉ ቢበላሽ፣ ግድግዳው ቢበላሽ፣ ሄድፎን ግድግዳ የለውም። ያው ነው። እንግዲህ ከቀረጻው ነው… ማይክሮፎኑ አሮጌ ነበር። ከላይ ትንሽ ልጨምር እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ጥቅምት 17

ሦስት ዘፈን ልኬ ነበር። እትዬ ደወሉ። ሰላምታው ረዘመ፤ ደግ ምልክት አይደለም። ጤናዬን ጠየቁ፣ የባለቤቴን ሥራ ጠየቁ። ከዚያ… "ስ" ያለበት ቃል ሁሉ ጆሯቸውን እንደ መርፌ እንደወጋቸው ነገሩኝ። ሲምባሉ ሲመታማ የልጅ ልጃቸው ጆሮዋን ይዛ ከክፍሉ ወጣች። በምን እንዳዳመጡት ጠየቅኳቸው። በቤት ቴፕ፣ በመኪና፣ በስልክ። የቤቱ ቴፕ አርጅቶ ይሆናል አልኳቸው። የመኪናው ስፒከር ርካሽ ይሆናል። ስልክማ ከነአካቴው አይታመንም።

"ሦስቱም የተናገሩት አንድ ነገር ነው፣ አንተ ልጅ።"

አስተካክላለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ምኑን?

ጥቅምት 20

ሱቋ መብራት ጠፍቶ ባለቤቴ እቤት ዋለች። የሱሪ ጠርዝ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። አንድ ዘፈን ሳያልቅ ወንበሯን አንሥታ በረንዳ ወጣች። ምነው አልኳት። ለዓይኔ ውጭ ይሻለኛል አለች። ሰማዩ ጥቁር ነበር።

በሩንም ዘጋችው።

አዲስ ኬብል ገዛሁ።

ጥቅምት 22

ጎፈሬው ዘንድ ሄድኩ። ስቱዲዮ አብረን እንሠራ ነበር። ጎፈሬው ካለቀ ቆይቷል፣ ስሙ ብቻ ቀርቷል። አሁን አንድ ሕንፃ ላይ ክፍል ተከራይቶ ለብቻው ይሠራል። ስንናናቅ የኖርን ሰዎች ነን። እትዬ መሳሳታቸውን በእሱ ትልልቅ ስፒከሮች ላረጋግጥ ነበር ሐሳቤ።

አጫወተው። ወዲያው ድምፁን ቀነሰው።

የአንተም ስፒከር ታፍኗል አልኩት።

 አንድ ነገር ልሞክር፣ ቅር እንዳይልህ አለ። ሌላ ፋይል ከፈተ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር። እስኪጀምር ጠበቅኩ። እሱም ጠበቀ።  ምን ዓይነት ቀልድ ነው ልለው ስል፣ ገርበብ ያለው በር ተከፈተ። ከጎን ያለው ፀጉር ቤት ባለቤት ናት። ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች።

"በእናታችሁ ይሄን ፉጨት አጥፉልን፤ ደንበኛዬን ራሷን አመማት።"

ጎፈሬው ቁልፉን ተጫነ። ሴትዮዋ እፎይ ብላ እጇን አወረደች።

ለእኔ ክፍሉ አልተለወጠም።

ጥቅምት 23

ኮምፒውተሩን አልከፈትኩም።

ጥቅምት 27

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ዋልኩ። ቁም ሣጥን በምታህል ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ፣ ሄድፎን አጠለቁልኝ፣ ድምፅ ስሰማ ቁልፍ እንድጫን ነገሩኝ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ተጫንኩ። ከዚያ እየራቀ… ከዚያ ዝምታ። ዝም ብዬማ አልቀርም ብዬ በግምት ተጫንኩ። ደግሜ ተጫንኩ። ባለሙያዋ በመስኮቱ በኩል ራሷን ነቀነቀች። በዚህ ዕድሜዬ ፈተና ስኮርጅ ተያዝኩ።

ሐኪሙ ውጤቱን አሳየኝ። መስመሩ እንደ ደልዳላ መንገድ ሄዶ ሄዶ ገደል ይገባል። ሲምባሉ፣ "ስ"፣ የጊታሩ ክር ጫፍ… ሁሉም ከገደሉ ወዲያ ናቸው። እኔ ወዲህ ቆሜ ኬብል ስገዛ ከረምኩ።

ይመለሳል ወይ አልኩት። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ይጠብቁ አለኝ። ሰው ሲያወራ ለመስማት የሚረዳ መሣሪያ አለ። ለሙዚቃ ግን እንደ ቀድሞው እንደማይሆን አልደበቀኝም። ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው አለ። ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ጥቅምት 28

ለባለቤቴ ነገርኳት። አልደነገጠችም። ያናደደኝ ይህ ነው።

"ታውቂ ነበር?"

"ቴሌቪዥን ስትከፍት ጎረቤት ሁሉ ዜና ይሰማል። ከኋላህ ስጠራህ መቼ ዞረህ ታውቃለህ?"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገርኩህ እንጂ። በነገርኩህ ቁጥር ዕቃ ገዝተህ ትመጣለህ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ተረቱ የተተረተው ለሐሜት ነው። እኔ ላይ በቁሙ ደረሰ።

ሌላ ነገር ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። መርፌዋን አንሥታ ክር አስገባች።

ጥቅምት 29

ቤት ውስጥ እየዞርኩ አዳመጥኩ። የቁልፍ ዘለላ አንኳኳሁ፤ እንደ ጠጠር ይጋጫል እንጂ አያቃጭልም። ማንቆርቆሪያው ሲፈላ እንፋሎቱን አየሁ። የስልኬ መልእክት መምጫ ድምፅ… ለካ የማልሰማው እኔ ነኝ እንጂ ሰዎች መልእክት መላክ አላቆሙም።

ባለቤቴ ጨርቅ ስትቆርጥ አጠገቧ ቆምኩ። መቀስ ጨርቅ ላይ ሲሄድ ድምፅ አለው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አለው አለች። ምን ዓይነት? ቆም ብላ አሰበች። ደግማ ቆረጠችና አዳመጠች።

"ቀጭን" አለች።

ጥቅምት 30

ማን ያውቃል? ሐኪሙ፣ ባለቤቴ፣ ጎፈሬው። ጎፈሬው ምላሱ ክፉ ነው፣ ግን ወሬ አያወጣም።

ስክሪኑ ሁሉን ያሳያል። የትኛው ድምፅ የት ድረስ እንደወጣ፣ የት እንደወረደ። በዓይኔ ብሠራውስ? ሙሉ ቀን ሞከርኩ። ድሮ ጥሩ አድርጌ የሠራኋቸውን ከፍቼ የእትዬን በእነሱ ልክ ቆረጥኩ። መስመር ከመስመር ገጠመ። ጥሩ ይሁን መጥፎ ግን አላውቅም። ምግብ በዓይን መቅመስ ነው።

እንዲህ ሆኖ ቢያልፍስ? ሊያልፍ ይችላል። ባያልፍስ… የሚበላሸው የእሳቸው ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ሌላ ዕድል የላቸውም።

እኔም የለኝም።

ኅዳር 3

እትዬ ቤት ሄድኩ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ የልጅ ልጃቸውን ወደ ጓዳ ላኳት። ነገርኳቸው። ፉጨቱን፣ የሐኪሙን መስመር፣ በዓይኔ ልሠራው አስቤ እንደነበረም። አላቋረጡኝም። የቀረበው ሻይ ቀዘቀዘ።

እንዳያዝኑልኝ ፈርቼ ነበር። አላዘኑልኝም።

"ለአንተ ብዬ ዘፈኔን አላበላሽም" አሉ።

አይገባም አልኩ። ልነሣ ስል በእጃቸው አስቀመጡኝ። ከላይ ያለውን የሚሰማ ሰው ፈልግ አሉ። አንተ ግን ከሥራው አትነሣም። የእሳቸው ድምፅ በሙዚቃ ባንዱ መሀል የት እንደሚቀመጥ ሌላ ሰው አያውቀውም፤ አንዱ ይቀብራቸዋል፣ አንዱ ያስጮኻቸዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸውንም ላይኛው ዜማ ከከዳቸው ቆይቷል። ባንዱ ዝቅ አድርጎ ይጫወትላቸዋል፣ እሳቸው ይዘፍናሉ። ምን ያሳፍራል?

"አንድ ነገር ብቻ" አሉ። "ያልሰማኸውን ሰማሁ ያልክ ቀን ሥራዬን ይዤ እሄዳለሁ።"

በር ድረስ ሸኙኝ። እዚያ ቆመው ጮክ ብለው፣ "ይሄንንስ ሰምተኸኛል?" አሉ። ሰምቻለሁ አልኩ። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ኅዳር 5

ጎፈሬው እሺ አለ። በቅድመ ሁኔታ። ሥራው በእሱ ክፍል ይሠራል፤ የአልበሙ ሽፋን ላይ ስሙ ከስሜ በፊት ይጻፋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሩን ደርግሜበት እወጣ ነበር። እሺ አልኩ። ተዘጋጅቶበት የነበረው ክርክር ስለቀረበት ቅር ያለው መሰለኝ።

ኅዳር 6

ባለቤቴ ብርድ ልብሶቹን ከግድግዳው አወረደች። አጠበቻቸው።

ኅዳር 11

የመጀመሪያው ቀን። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ወንበር። ጎፈሬው መቆጣጠሪያው ፊት፣ እኔ ከጎኑ። ሲቀመጥም ሲነሣም ወንበሩ ሲጢጥ አይልም… ወይም ይል ይሆናል።

አንደኛው ዘፈን። "ስ" ያለባቸውን ቃላት እየለቀመ ይቀንሳል። ትንሽ ሄዶ፣ አሁንስ ይወጋል ወይ አለኝ። አፌ አዎ ሊል ተከፈተ። ልማድ ነው። በዚህ ሥራ አልሰማሁም የሚል ሰው የለም፤ ሁላችንም ሰማን ሰማን ስንል ነው የኖርነው።

"አይሰማኝም" አልኩ።

ዞሮ አላየኝም። ቀነሰ። ቀጠለ። ስለ ሲምባሉ ጠየቀ። አይሰማኝም። ስለ ጊታሩ ጠየቀ። የክሩ ጭረት አይሰማኝም፣ ሆዱ ይሰማኛል። አንዱን ቃል ባወጣሁ ቁጥር ጥርስ የተነቀለልኝ ያህል ነበር። ወደ ከሰዓት ቀለለኝ። ቀለለኝ ማለት… ድዱ ደንዝዞ ይሆናል።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ እትዬ ሁለተኛውን ስንኝ ሲጀምሩ፣ አስቆምኩት። ቤዙ ይጫናቸዋል፣ የቃላቸውን መነሻ ይውጠዋል አልኩት። ደግሞ አጫወተው። ራሱን ነቀነቀ። ምንም የለም አለ። አሁንም አጫወተው። አሁንም ለእሱ ምንም የለም።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ይሰማኛል።"

ስክሪኑን አላየም። ቤዙን ዝቅ አደረገው።