አባዬ፣ ትርፍ አንጀቴ ደህና ነው

አባዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከሸኘንህ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ አኩርፌህ አይደለም። ግማሽ ወሬ እንደማትወድ ስለማውቅ መጨረሻው እስኪታወቅ ብዬ ነው። እዚያም ሆነህ አጠገብህ ላለው ሰው ሁሉ ስለ እኔ እያወራህ እንደምትውል አልጠራጠርም፤ ስለዚህ ቢያንስ ትክክለኛውን አውራ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሰሚት እንዳለ ነው፤ ውሃ ደስ ሲላት ትመጣለች። ሚኒባስህን አልሸጥናትም። ዳንኤል አንዳንዴ መገናኛ ድረስ ይነዳታል፤ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ግን አማቹ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ የሚሰድበው ይመስለዋል። በረንዳው ላይ ያለው ወንበርህ ላይ ከጎረቤት ድመት በቀር ማንም አይቀመጥም። እንደማትወዳት ነግሬያታለሁ፤ አልሰማችኝም።

ያንን ክፉ ሰሞን መቼም አትረሳውም። ካገባሁ ዓመት ሳይሞላኝ ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ እግረ መንገድሽን ተመርመሪ ብለውኝ፣ የማህፀን በር ካንሰር ተገኘብኝ። የመጀመሪያው ሐኪም ማህፀኔ በሙሉ መውጣት አለበት ሲለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና ከሞት ይልቅ የፈራሁት ልጅ ሳልወልድ መቅረቴን ነበር። እኔ አለቀስኩ፣ ዳንኤል አለቀሰ፣ አንተ ወጥተህ የመኪናህን መስታወት ስትወለውል አመሸህ። በነጋታው ስልክ ስትደውል ውለህ ሌላ ሐኪም አገኘህልኝ። በማን በኩል ብዬ ስጠይቅህ፣ ሾፌር ሰው ያውቃል ብለህ አፌን አስያዝከኝ።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች። ዕጢው ትንሽ ስለሆነና ስላልተሰራጨ የማህፀኑን በር ብቻ ቆርጦ ማውጣት፣ ማህፀኑን ግን መተው እንደሚቻል በወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችን። አንተ ሥዕሉን ላለማየት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ስታጠና ቆየህ። ጥያቄ ካላችሁ ስትለን ጉሮሮህን ጠራርገህ፣ ሞተሩ ግን አይነካም አይደል አልካት። እኔ ካርዴን አፌ ላይ አድርጌ ሳቄን ዋጥኩ። እሷ ሳትስቅ፣ አይነካም አባባ አለችህ። ማርገዜን ዋስትና እንደማትሰጥ፣ ባረግዝም ልጁ ያለ ጊዜው ሊመጣ እንደሚችል፣ የምወልደውም በቀዶ ጥገና ብቻ እንደሆነ ሁሉ ነግራናለች። አንተ የሰማኸው የሞተሩን ብቻ ነው።

ከሆስፒታል ስንመለስ የግቢው ጥበቃ ምን ሆና ነው ሲልህ፣ ትርፍ አንጀት አልከው። አልተቆጣሁህም። ካንሰር የሚለውን ቃል ጮክ ብዬ ለመናገር እኔም ድፍረቱ አልነበረኝም። ግን በማግስቱ ሕንጻው በሙሉ ብርቱካንና አጥሚት ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ፊት ለፊታችን ያሉት እትዬ አስካለ ደግሞ ትርፍ አንጀታቸውን የእውነት ያስወጡ ናቸውና እንደ ባልደረባ ቆጠሩኝ። ጠባሳችንን እናወዳድር ብለው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ ሲያደርጉ ዳንኤል ወደ በረንዳ አመለጠ፣ እኔም ጋቢዬን እስከ አገጬ ሳብኩ። ለምን ይህን ያህል ቀን ተኛች ሲሉህ፣ የእሷ ረጅም ነበር አልካቸው። ለክትትል ስመላለስ ደግሞ ተመልሶ እንዳይበቅል ነው ማለት ጀመርክ። እነሱም በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። የተማሩ ሰዎች ናቸው እኮ አባዬ፣ አንዷ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ናት! ትርፍ አንጀት እንደ ፀጉር ይበቅላል ስትላቸው እንዴት አመኑህ እያልኩ ስገረም ኖርኩ።

ሌላም የገረመኝ ነገር ነበር። ባገራችን ያገባች ሴት ትንሽ ከቆየች፣ ምን ትጠብቂያለሽ ትባላለች። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖረው ሙሽራ ሰርጓ ሳይበርድ ደረጃው ላይ ሆዷን ሲመረምሩላት ነበር። እኔን ግን አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ስለ ትርፍ አንጀቴ ብቻ ነው። ሕንጻችን ሰለጠነ ብዬ ለዳንኤል ሁሉ አወራሁለት።

ከዚያ አንተ በድንገት ሄድክ። ሐኪሟ አሁን መሞከር ትችላላችሁ ባለችን ሰሞን ነበር፤ እሱን እንኳ ሳልነግርህ። በዚህ ተናድጄብሃለሁ፣ እስከዛሬም አልበረደልኝም።

ቆይቶ ቆይቶ አረገዝኩ። ሐኪሟ ማህፀኔን ደግፎ እንዲይዝ የሰፋችው ክር ይችል እንደሆነ እየተፈራ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቼ አሳለፍኩ። ሲያስነጥሰኝ ዳንኤል ሆዴን ለመያዝ ከወጥ ቤት እየሮጠ ይመጣ ነበር። ቀኗ ሳይደርስ መጣች፣ ጥቂት ቀን ማሞቂያ ውስጥ ቆየች፣ ወጣች። ሴት ልጅ ናት አባዬ። ያንተን ጆሮ ይዛ ነው የመጣችው፣ ምስኪን።

በቀደም የሕንጻው ሴቶች ገንፎ ይዘው እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉኝ መጡ። ሁሉም ባሉበት እውነቱን ለመናገር ቆረጥኩ። እኔን ልጅ ያሳቀፈኝ በሽታው በጊዜ መገኘቱ ነውና እነሱም ይመርመሩ ብዬ ነው። ያመመኝ ትርፍ አንጀት ሳይሆን የማህፀን በር ካንሰር ነበር አልኳቸው። ማንም አልደነገጠም። የባንኳ ሥራ አስኪያጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ አባትሽ እኮ ለማንም እንዳልናገር አስምሎ ነግሮኛል አለችኝ። እትዬ አስካለ ሰሟት። ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ እኔንም አስምሎኛል አሉ። ከሶፋው ጥግ አንዷ ቀጠለች፣ ከበሩ አጠገብ ሌላዋ።

ሁሉንም ነው ያስማልካቸው አባዬ! እያንዳንዷ ብቻዋን የምታውቅ እየመሰላት፣ ሌሎቹ እንዳይጠረጥሩ ስትል ትርፍ አንጀቴን ትጠይቀኝ ነበር። ሐኪሟን ያገኘኸውም በእትዬ አስካለ የእህት ልጅ በኩል ነው ለካ። በተራ በተራ በሚኒባስህ ጤና ጣቢያ ወስደህ አስመርምረሃቸዋል። ነርሷ፣ አባባ ስንት ሚስት ነው ያለዎት ብላህ፣ ከዚያ ወዲህ ሩቅ እያወረድካቸው በእግር ትልካቸው እንደነበርም ሰማሁ። እትዬ አስካለ ላይ ገና ወደ ካንሰር ያልተለወጠ ምልክት ተገኝቶ በጊዜ ታክመዋል። ግን እኔ ፊት ማህፀን የሚለውን ቃል ላለመስማት የቀን መቁጠሪያ የሚያጠና ሰው እንዴት አድርጎ ነገራችሁ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሞተር እያልክ ነው የነገርካቸው። ሁሉም ገብቷቸዋል። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፣ ልጄም ተቀሰቀሰች።

ከሁሉም የመጨረሻውን ልንገርህ። ስለ ልጅ አንድ ቃል እንዳትጠይቋት ብለህ ለምነሃቸው ነበር። ይህን ሲነግሩኝ ሳቄን አቁሜ አለቀስኩ። ደረጃውን በወጣሁና በወረድኩ ቁጥር ስትጠብቀኝ ኖረሃል፣ እኔ ደግሞ ሰው የሰለጠነ መስሎኝ።

አልረሳህም አባዬ። ልጄ ወሬ መስማት ስትጀምር ስላንተ አንድም ሳላስቀር እነግራታለሁ፤ ሞተሩንም፣ ትርፍ አንጀቱንም። ስጨርስ እንዳንተው ጠጋ ብዬ፣ ለማንም እንዳትናገሪ እላታለሁ። ያን ጊዜ ሰሚት በሙሉ ይሰማል።

የምትወድህ ልጅህ