እምዬ ጠበል ያፈሰሰችበት ባሕር

ይድረስ ለእታለሜ ለማስተዋል፤ ጅዳ።

እንደምን ከርመሻል እታለሜ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ የዚያ ቤት ደረጃ አሁንም ያሠቃይሻል ወይስ ተሻለሽ? እመቤትሽስ እንቅልፍ ትሰጥሻለች? እህል ይበላልሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብዬ እንደ ልማዳችን ብቀጥል ደስ ባለኝ፤ ዘንድሮ ግን ይህ ቃል ከእጄ አልወጣ አለኝ። ወንድማችን ይርጋ ደህና ነው። ላሞቹም ደህና ናቸው። ገብሱ ውርጭ ሳይመታው ገብቷል። እምዬ በሕይወት አለች። ከዚህ የበለጠ ስለ እሷ በሰላምታ ውስጥ የምለው የለኝም፤ ወደ ታች ታነቢዋለሽ።

ስልክሽን ያላነሣሁት ተቀይሜሽ አይደለም። እምዬ ከልክላን ነው። በስልክ የተዋሸችው እንደሚበቃት፣ የምንልሽ ነገር ካለ በወረቀት እንድንጽፍልሽ ነግራናለች። ስለዚህ ይህን ወረቀት ወደ ጅዳ ለምትመለስ ልጅ ሰጥቻታለሁ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባጭሩ ልንገርሽና ልገላገል። እምዬ የታናሻችንን የወርቅዬን ሞት ሰምታለች። የሰማችው ግን አንቺም እኔም አጎታችንም ባሰብነው መንገድ አይደለም። የሰማችው በእኔ ዓሣዎች ምክንያት ነው።

የእነዚያን ዓሣዎች ነገር ከሁሉ በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ጅዳ የሠራሁበት ቤት ሰውዬ ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳ የሚያክል የመስታወት ባሕር ነበረው። ወለል ልጠርግ ገብቼ የዓሣ ሞግዚት ሆኜ የወጣሁት እዚያ ነው። ድንጋይ የመሰለኝ ነገር ሲነካ ሲሸማቀቅ፣ ኮራል የሚሉት ይህ ድንጋይ ነፍስ ያለው መሆኑን ስሰማ፣ እንደ ሞኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አገሬ ስገባ ሌላው ወርቅና ብርድ ልብስ ሲያወርድ እኔ የውኃ ማንቀሳቀሻ ሞተር አወረድኩ። እናንተም ሳቃችሁ።

ደብረ ታቦር ላይ ባሕር ማኖር ግን በሳቅ የሚያልፍ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ዓሣዎች በወጥ ጨው ፈጀኋቸው፤ ጨው ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛዎቹን ብርዱ ወሰዳቸው። መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ሲቆም የመስታወት ገንዳውን በጋቢ ጠቅልዬ፣ የፈላ ውኃ በጀሪካን ዙሪያውን ደርድሬ፣ ይርጋ በሩ ላይ ቆሞ ለአራስ ያልተደረገ እንክብካቤ ለዓሣ ሲደረግ አየሁ እያለ ሲያሾፍብኝ አንድ በአንድ ተገለበጡ። ከዚያ አንቺ የባሕሩን ጨው ከሚመለሱ ልጆች ጋር መላክ ጀመርሽ። በፔርሙስ የላክሽልኝ የጣት ቁራጭ የምታህል ኮራል በስድስት ዓመት ውስጥ ጥቅል ጎመን አከለች። ሱቄ ውስጥ ቀሚስ ስሸጥ ውዬ ስገባ እሷን ሳላይ ራት አልበላም ነበር። የሠፈሩ ሰው የሠናይት እብደት ይለው ነበር፤ እንግዳ ሲመጣበት ግን እየጎተተ የሚያመጣው እኔ ቤት ነበር።

ወርቅዬ ወደ አንቺ ልትመጣ ስትሰደድ ደግሞ እምዬ መቀመጫዋን ገንዳው ፊት አዛወረች። ልጄ ያለችበት አገር ባሕር ይሄ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኳት። በዚያን ጊዜ ውሸት አልነበረም። የተሳፈረችበት ጀልባ መስጠሟን አንቺ ከተረፈው ልጅ አጣርተሽ ከነገርሽን በኋላ ግን ውሸት ሆነ፤ እምዬም ከዚያ መቀመጫ አልተነሣችም። ሁለቱን ቀያይ ዓሣዎች ሙሽሮቹ አለቻቸው። የሌላውን ዓሣ ገላ እየዞረ የሚያጸዳውን ትንሽ ፍጥረት ዲያቆኑ አለችው። ውኃው በተነነ ቁጥር ጨው ያልነካው ንጹሕ ውኃ በጣሳ መጨመር እንዳለበት አስተማርኳት፤ ጠዋት ጠዋት ስትጨምር ከወርቅዬ ጋር ታወራ ነበር። ቀሚስሽ አጥሯል ወይ ትላት ነበር። እኔ ጓዳ ቆሜ እየሰማሁ ሽንኩርት እከትፋለሁ።

መርዶውን ለምን እንዳቆየነው መቼም አትረሺውም። አጎታችን ሙላቴ ደም ብዛቷ ሳይረጋ አይነገርም አሉ። ደም ብዛቷ ሲረጋ ጾም ገባ። ጾሙ ሲፈታ ክረምት ሆነ፣ ለቀስተኛ በጭቃ እንዴት ይመጣል ተባለ። ክረምቱ ሲወጣ አጨዳ ደረሰ። በዚህ አገር ለመርዶ የሚመች ወቅት የለም፤ ለውሸት ግን ሁሉም ይመቻል። አንቺም ለፋሲካ በወርቅዬ ስም ሻሽ ላክሽ። የስልኩ መስመር እየተንኮሻኮሸ ጓደኛሽ ወርቅዬን መስላ «እምዬ፣ ደህና ነኝ» ስትላት ስልኩን በእምዬ ጆሮ ላይ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ በጥቅምት እምዬ ጉልበቷን አሟት ይርጋ ወንዛዬ ወሰዳት። ከፍል ውኃው ገብታ ስትታጠብ ሰንብታ ተሽሏት ተመለሰች። እዚያ ሳለች ወርቅዬን ከንፈሯ ደርቆ በሕልሟ አየቻት። ስትመለስ የወንዛዬን ጠበል በጀሪካን አስሞልታ፣ እንዳይቀዘቅዝ በጋቢ ጠቅልላ፣ ሚኒባስ ላይ በጭኗ ታቅፋ አመጣችው። እኔ ሸቀጥ ልገዛ ወጥቼ ሐሙሲት አክስታችን ቤት አድሬ ነበር። እምዬ ያየችውን ነው ያደረገችው፤ ገንዳውን በጋቢ ስጠቀልል አይታለች፣ ሙቀት እንደሚወዱ ታውቃለች፣ ጨው የሌለው ውኃ እንደሚጨመርላቸውም አስተምሬያታለሁ። ባሕር ሁሉ አንድ ስለሆነ እዚህ የገባ ጠበል እዚያ ልጇ ዘንድ ይደርሳል ብላ አሰበች። ጨዋማውን ውኃ በጣሳ እየቀዳች ወደ በርሜል ገለበጠች፤ በምትኩ ወንዛዬን ሞላችበት።

በመጀመሪያው ሚኒባስ ጠዋት ገባሁ። እምዬ በሩ ላይ እየሳቀች ተቀበለችኝ፤ ለእህትሽ ጠበል አስገባሁላት አለችኝ። ሙሽሮቹ ጎን ለጎን ተጋድመው ነበር። ዲያቆኑ ከድንጋዩ ሥር በድን ሆኗል። ያቺ አንቺ የላክሽልኝ ኮራል ሥጋዋ እንደ ንፍጥ እየተላጠ ይንሳፈፋል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። እታለሜ፣ ወርቅዬ የሞተች ቀን ድምፄን አውጥቼ አላለቀስኩም፤ እምዬ እንዳትሰማ ትራስ ነክሼ ነው ያለቀስኩት። የዚያን ቀን ግን ዋይታዬን ለቀቅኩት። ደረቴን መታሁ። መሬት ላይ ወደቅኩ። ለዓሣ ይሁን ለእህቴ ዛሬም ለይቼ አላውቀውም።

ሰዓቱ መርዶ የሚነገርበት የጠዋት ሰዓት መሆኑን ልብ አላልኩም። የወርቅዬን ሞት ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሠፈሩ ሁሉ ያቺን ጩኸት ሲጠብቅ ነው የከረመው። ጩኸቱ ሲሰማ እንግዲህ ተነገራት አሉ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ትርንጎ ቀድማ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ወገቧን በመቀነት አሥራ ገባችና «ወርቅዬ፣ የእኔ አበባ፣ ባሕር በላሽ ወይ» ብላ ወደቀች። ከኋላዋ ግቢው ሞላ። ሁሉም የሚጠራው አንድ ስም ነው።

እምዬ መጀመሪያ ሳቀች። ወደ ትርንጎ ጎንበስ ብላ ልታነሣት ሞከረች። «ተነሺ እንጂ፣ ለዓሣ እኮ ነው የምታለቅሰው። ወርቅዬን ምን አመጣት?» አለቻት። ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እምዬ የሁሉንም የተዘቀዘቀ ነጠላ አንድ በአንድ አየችው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ገንዳውን አየሁ። ያን ያህል ነው መርዶው።

ድንኳን ተጣለ፣ እድሩ ወንበር አመጣ፣ ሁሉም እንደ ወጉ ሆነ፤ እምዬ ብቻ አላለቀሰችም። የሚገባውን ለቀስተኛ ሁሉ እጁን ይዛ መቼ ሰማህ፣ መቼ ሰማሽ እያለች ትጠይቅ ነበር። አንዱ ለቡሄ ሰሞን ይላል፣ ሌላዋ ከዚያ በፊት። እህል ነጋዴው ያውቅ ነበር። ወተት የምትወስድልን ልጅ ታውቅ ነበር። የንስሐ አባቷ መስቀላቸውን ሊያሳልሟት ሲጠጉ እሳቸውንም ጠየቀቻቸው፤ ዐቀርቅረው ፍትሐቱን እሳቸው እንዳደረሱ ነገሯት። እሷም መስቀሉን ሳትስም እጃቸውን ለቀቀች።

ከሁሉ የከፋውን ያገኘችው ግን ማንም ሳይነግራት ነው። በሦስተኛው ቀን አጎታችን ሙላቴ ለእንግዳ ጠላ ሲቀዱ ጽዋውን ትኩር ብላ ስታይ ቆየችና፣ ያ እብናት ሄደን የደገስነው ተዝካር የማን ነበር ብላ ጠየቀቻቸው። የሩቅ ዘመድ ነው ብለናት ነበር፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ጌሾውን የወቀጠችው እሷ ናት፣ ጠላውን የጠመቀችው እሷ ናት፣ ለነዳያን እንጀራ ስትቆርስ ነፍስ ይማር ያለችው እሷ ናት። አጎታችን ጣሳውን አስቀምጠው ወጡ። እምዬ «በልጄ ተዝካር ላይ ወጥ ማሳመሬን ሰው አመስግኖኝ ነበር» አለች።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ገንዳውን ላወጣው ተነሣሁ። ኮራሏ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነጭ ሆናለች። እምዬ ተይው አለችኝ። ከዚያ ወደ ጥግ ሄዳ በርሜሉን ከፈተች፤ ከገንዳው ቀድታ ያጠራቀመችው የባሕር ውኃ እንዳለ ነበር። ይሄ የዚያ ባሕር ውኃ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጨው ከዚያ መጥቶ እዚህ የተበጠበጠ ነው፣ ልክ እንደዚያው ነው አልኳት። ሲዋሻት የኖረ ምላሴ አሁን እውነቱን በመናገር ጨከነ። እምዬ ጣሳውን ነከረችና ጠጣች። ፊቷ ሲጨማደድ አየሁ፤ ልነጥቃት ስል በክንዷ ገፋችኝ። እንደገና ተጎነጨች፣ መዋጥ አቅቷት በእጇ ላይ ተፋችው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። «ልጄ ይሄን ጠጥታ ነው የሞተችው?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

እኔ ከእንግዲህ ዓሣ አላኖርም። ጨው አትላኪ፤ በጉዞ ላይ ያለ ካለም መልሺው። ሞተሩንና መብራቱን ባሕር ዳር ላለ የዓሣ ወዳጅ ሰጥቻለሁ። ገንዳው ግን ባዶውን እዚያው ነው፤ መቀመጫዋም እፊቱ ነው። የላክሽላትን ሻሽ ታጥፎ ገንዳው ውስጥ አስቀምጣዋለች።

ይርጋ ሰላም ብሎሻል። ሚስቱ ትርሐስ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች፤ የያዘችው ፅንስ ሊደርስ ነው። ወይዘሮ ትርንጎ ይቅርታ ጠይቂልኝ ብላለች፤ ማንን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። አጎታችን ሙላቴ ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጡም፣ ሰላምታቸውን አላገኘሁትም። አብረውሽ ያሉትን ልጆች ሁሉ በስማቸው ሳሚልኝ፤ ያቺን በስልክ የተናገረችውን ግን እምዬ ስሟን ማወቅ አልፈለገችም።

እምዬ በስልክ ስታወራሽ መጨረሻ ላይ ወርቅዬን ሳሚልኝ ትልሽ ነበር፣ አንቺም እሺ ትያት ነበር። ዛሬ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት። ለማስተዋል ምን ልበላት አልኳት። እየነገረችኝ ቃሏን እንዳለ ጻፍኩት፦

«ማስተዋል፣ ባሕሩ ዳር ሂጂ። ጨው ያልነካው ውኃ ያዢና ስሟን ጠርተሽ አፍስሺላት። ተጠምታ ነው የሄደችው። ያን እስክታደርጊ ድረስ እናቴ ብለሽ አትጥሪኝ።»

እህትሽ ሠናይት
ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.