ለዘር የቆመው ጎመን

ለውድ ልጄ ለሕሊና ይግዛው፤
ካለሽበት ቦንጋ

እንደምን ከረምሽልኝ ልጄ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ባልሽ ፍቅረ ሥላሴ ደኅና ነው ወይ? ያቺ በዓይኔ ያላየኋት የልጅ ልጄስ መሮጥ ጀመረች? እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ ብርድ ሲነካው ጉልበቴ ይነጫነጫል እንጂ ሌላው ደኅና ነው። እኅትሽ እየሩስም ደኅና ናት። ቤቱ ግን እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቤት አልሆነልኝም፤ ይህን ለአንቺ ካልነገርሁ ለማን እነግራለሁ?

ባለፈው ደውለሽ፣ ጎመንሽን ክሽክሽ የሚሉት ቅማል መሰል ተባይ እንደወረረውና እናትሽ ምን ታደርግ እንደነበር ስትጠይቂኝ መስመሩ ተቋረጠ። እኔ የማውቀው ሞፈርና ቀንበር ነው፤ ጓሮው የእሷ ነበር። ቢሆንም ደጃፍ ተቀምጬ ሳያት ዓይኔ የያዘውን ልጻፍልሽ።

መድኃኒት አትርጪበት። እናትሽ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ የተነፋ አመድ ትነሰንስበት ነበር፤ በጣም የተወረረውን ቅጠል ደግሞ ቀንጥሳ ለዶሮ ትጥላለች። ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ካየሽ አትንኪያት፤ ክሽክሹን የምትለቅመው እሷ ናት። እስስትም ብትመጣ ልጆች በድንጋይ እንዳይገድሏት። አጥራችሁን በቆርቆሮ ለመለወጥ አትቸኩሉ፤ የእኛ የቀጋ አጥር ውስጥ የሚያድሩት ወፎች ናቸው ትሉን የሚጨርሱልን። ቅጠል ከታች እየቀነጠስሽ ብዪ፣ ለጋውን ጫፍ ተዪው። ከሁሉ ጠንከር ያለውን ግን ሳትነኪ ለዘር አቁሚው። ሲያብብ ንብ ይሰፍርበታል። ፍሬው ሲደርቅ እናትሽ የዳር የዳሩን ለወፍ ትተወው ነበር፤ ስቆጣት፣ እነሱም ጾመኞች ናቸው እያለች ትስቅብኛለች።

አሁን የከበደኝን ልንገርሽ። አንቺ አራስ ሆነሽ ለእናትሽ የአርባ ቀን ተዝካር ሳትመጪ በቀረሽ ጊዜ ዳሱ የተጣለው ጓሮው ላይ ነበር። ሌላ ሜዳ የለንማ። እኔ ከለቀስተኛ ጋር ቤት ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ጎረቤታችን ዘመነና የእድሩ ጎረምሶች መደቡን አጸዱት። ለዘር የቆመው ጎመን ያረጀ መስሏቸው ከነሥሩ ነቅለው ለከብት ሰጡት። ፍሬው ገና አረንጓዴ ነበር። ብቅ ስል በሬዎቼ ቆመው ሲያመነዥኩ አገኘኋቸው። ምን እላለሁ? ሰዎቹ የደከሙት ለእሷ ብለው ነው። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተመልሼ ገባሁ። በኋላ የዘሩን ቅል ብገለብጠው ባዶ ነው፤ ያላትን ሁሉ ዘርታው ነበር የሞተችው።

ባለፈው ክረምት ከገበያ ዘር ገዝቼ ዘራሁ። ጎመን ሆነ፤ የእሷ ግን አልሆነም። ቅጠሉ ሻካራ ነው፣ መጀመሪያ በጣለው ውርጭ ተኮማትሮ ቀረ። መስከረም ላይ ንቦቹ እንደልማዳቸው መጡና የእሷ ጎመን ያብብበት የነበረውን ቦታ ዞረው ዞረው ሄዱ። ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም፤ እዚያው ተቀምጬ ዋልሁ።

ስትዳሪ እናትሽ በነጠላሽ ጫፍ ዘር ቋጥራልሽ ነበር። እኔም ለደመወዝተኛ ሙሽራ የጎመን ዘር ምን ያደርግላታል ብዬ ቀልጄባታለሁ። አሁን ከሐሳቤ የማይወጣው ያ ቋጠሮ ነው። ክሽክሽ የወረረው ጎመንሽ ከእሱ ነው? ከዘሩስ ተርፎሻል? ካለ ሰኔ ሳይገባ በሰው እጅ ላኪልኝ። ግማሹን ለራስሽ አስቀሪ፤ በአንድ ጓሮ ብቻ መኖሩ ምን እንዳደረገን ይኸው አየን። አይጥ በልቶት ወይም ጠፍቶብሽ ከሆነ ደግሞ አታባብዪኝ፣ ቁርጤን ንገሪኝ። ከቀጋው ሥር ያለውን መደብ እስከዚያው ምንም ሳልዘራበት እጠብቃለሁ።

ፍቅረ ሥላሴን በብዙ ሰላም በይልኝ። አማትሽን እመት የሺወርቅን፣ ይግዛው እጅ ነሥቷል በያቸው፤ በአራስነትሽ ስለ ተንከባከቡሽ ውለታቸውን አልረሳም። እየሩስ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ባዶ እጇንም ቢሆን ትምጣ የምትይ ከሆነ ለክረምት ልልካት እችላለሁ። ትንሿን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ዘሩ ከተገኘም ከመላክሽ በፊት ጥቂቱን በመዳፏ ላይ አድርጊላት። አያቷ ሳታቅፋት ነው የሄደችው፤ ከእጇ ወጥቶ የቀረልን ያ ብቻ ነው።

አባትሽ ይግዛው
ደባርቅ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.