ስለ አንድ ኩባያ ጥቁር ሻይ የቀረበ የአደባባይ ይቅርታ

ለክቡር አሠልጣኝ ጆሻፋት ኪፕላባት
የካፕሴሮይ ልጃገረዶች የሩጫ ካምፕ ዋና አሠልጣኝ፣ የአካባቢያችን የወጣቶች አትሌቲክስ ኮሚቴ ሰብሳቢና የካምፑ ሚዛን ብቸኛ ጠባቂ
ካፕሴሮይ

እጅግ የማከብርዎ አሠልጣኝ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለቤትዎስ? ልጆችዎስ? በተለይ ደግሞ ሁለቱ ጥጃዎችዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁ፤ ከቅዳሜ ወዲህ ዕቃ ሳጥብ እስቃለሁ፣ ድንች ስለቅም እስቃለሁ፣ ላም ሳልብ ስለምስቅ ላሟ ዞር እያለች ታየኛለች።

ማኅተም ያረፈበት ማስጠንቀቂያዎ ደርሶኛል። በሕዝብ ፊት ስላዋረድኩዎ በሰባት ቀን ውስጥ በጽሑፍና በአደባባይ ይቅርታ ካልጠየቅኩ፣ የልጄ የጄሜሊ ስም በሚቀጥለው ወር ናይሮቢ ለሚደረገው የብሔራዊ ቡድን ማጣሪያ ከሚላከው ዝርዝር እንደሚሰረዝ ገልጸውልኛል። ትእዛዝዎን በሁለት እጄ ተቀብያለሁ። ይሁን እንጂ ጥፋቱ ያልተጻፈበት ይቅርታ ባዶ ስለሚሆን፣ እኔም ሁለተኛ ደረጃ ስማር በድርሰት ከክፍሉ አንደኛ እወጣ የነበርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ነገሩን በቁጥር ለይቼ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ. ልጄን በካምፕዎ ስለተቀበሉልኝ አመሰግናለሁ። ስትገባ ዕድሜዋ ዐሥራ ስድስት፣ ክብደቷ ሃምሳ አንድ ኪሎ ነበር። በየማለዳው ከልምምድ በኋላ ልጆቹን አሰልፈው ጫማቸውን ያስወልቁና ሚዛን ላይ ያወጧቸው ነበር። ከአርባ አምስት ኪሎ ያለፈችዋ ላይ ጣትዎን ቀስረው «ጥቁር ሻይ!» ይላሉ። ያቺ ልጅ ዐሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ሮጣ ስታበቃ ቁርሷ ወተት ያልነካው ሻይ ብቻ ነው ማለት ነው። እኛ ለእንግዳ ወተት፣ ለሙሽራ ወተት፣ አሸንፎ ለመጣ ሯጭ ደግሞ በከሰል በታጠነ ቅል የረጋውን ወተት፣ ሙርሲክን፣ በአደባባይ የምናጠጣ ሕዝብ ነን። «ወተት ክብደት ነው» የሚል ሊቅ ከመካከላችን እንዲበቅል ይህን ያህል ዘመን መጠበቃችን ይገርመኛል።

2ኛ. ይህንኑ እያስተማሩ ሳለ ከየወላጁ በቀን ሦስት ሊትር ወተት ለካምፑ እንዲመጣ ማዘዝዎ አርቆ አሳቢነትዎን ያሳያል። እኔ ራሴ ወንዝ ተሻግሬ ሳመጣ በር ላይ ተቀብለው «ለልጆቹ ነው፣ እናቴ፤ ተባረኪ» ይሉኝ ነበር። «ልጆቹ» ያሏቸው ሁለቱ ጥጃዎችዎ መሆናቸውን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስማቸውን መጠየቅ ነበረብኝ።

3ኛ. የሚቀጥለውን የምጽፈው ልጄ «ጻፊው እማ፣ ሌሎቹም ይወቁት» ስላለችኝ ነው። የወር አበባዋ ዘጠኝ ወር ሙሉ ቀረ። ፈርታ ስትነግርዎ «በጣም ጥሩ! ሰውነትሽ አሁን ገና ሩጫ ገባው» አሏት። እኔ አምስት ልጅ ወልጄ ያልደረስኩበትን የሴት ሰውነት ምሥጢር እርስዎ በፊሽካና በሰዓት ደርሰውበታልና እጅ እነሳለሁ።

4ኛ. ከዚያ ቅልጥሟን አመማት። ስድስት ሳምንት ሙሉ እያነከሰች «ኮች፣ አጥንቴን ያመኛል» ስትልዎ «ስንፍና የሚጀምረው ከእግር ነው፤ ሩጪ!» አሏት። ሮጠች። በሜዳው መታጠፊያ ላይ አጥንቷ ቀጭ ሲል ጓደኞቿ ሰምተውታል። እርስዎም ከነፍራሿ በሞተር ሳይክል አሳፍረው ሲልኩልኝ «አጥንቷ ከእናቷ የወረሰችው ነው» የሚል መልእክት አስከትለው ነበር። የተከበሩ አሠልጣኝ፣ የእናቷ አጥንት በየሳምንቱ ሐሙስ ሃምሳ ኪሎ ድንች ተሸክሞ ገበያ ይወጣል። ሲመችዎ ይምጡና አብረን እንሸከማለን።

ኤልዶሬት የወሰድኳት የአጥንት ሐኪም የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንሥታ ካየች በኋላ፣ «ይቺ ልጅ ምን ትበላለች?» አለችኝ።

«አሠልጣኟ የፈቀደላትን» አልኳት።

«እንግዲያው ተሳስተሻል፣ እናት፤ ወደዚህ ማምጣት የነበረብሽ አሠልጣኙን ነው።»

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። አጥንት ዋና ጥንካሬውን የሚገነባው በዚህ ዕድሜ ነው፤ የምትሮጥ ልጅ በቂ ካልበላች ሰውነቷ መጀመሪያ የወር አበባዋን ያቆማል፣ ቀጥሎ አጥንቷን ያሳሳል። የወር አበባ መቅረት የጥንካሬ ምልክት ሳይሆን የማስጠንቀቂያ ደወል ነው አለችኝ። ይህንን የምጽፈው ለእርስዎ አይደለም፤ እርስዎ ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ። የምጽፈው እንደ እኔ ወተት ተሸክመው ወንዝ ለሚሻገሩት እናቶች ነው።

5ኛ. ለአምስት ወር ልጄን ከሜዳዎ ስላሳረፉልኝ አመሰግናለሁ። ኡጋሊ የምንለውን የበቆሎ ገንፎ በባቄላ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ከሐይቅ የሚመጣውን ጥቃቅን ደረቅ ዓሣ ከነአጥንቱ፣ ጠዋትና ማታ ወተት አበላኋት፣ አጠጣኋት። መጀመሪያ ላይ ኩባያውን ስታነሣ ወዲያና ወዲህ ትገላመጥ ነበር። «ማንን ነው የምታዪው?» ስላት «ሚዛኑን» አለችኝ። ያን ዕለት ያሰኘኝን ነገር ብጽፈው ይቅርታዬ ስለሚበላሽ እተወዋለሁ። በአራተኛው ወር አንድ ማለዳ ከጓዳ ጠርታኝ የቀረው የወር አበባዋ መመለሱን በጆሮዬ ስትነግረኝ ግን እልል አልኩ። ጎረቤት «ምን ተገኘ?» ብሎ ሲመጣ «ምንም፣ ላሟ ናት» ብዬ መለስኩ።

6ኛ. አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ቅዳሜ በአካባቢያችን ውድድር በሦስት ሺሕ ሜትር ጄሜሊ በሃምሳ ሦስት ኪሎዋ የካምፕዎን ልጆች በሙሉ አስከትላ ገባች። እኔ እንደ ወጉ ቅሌን ይዤ ልጄን ላጠጣ ስጠጋ፣ እርስዎ ሙሉ ልብስዎን ለብሰው፣ ፎቶ አንሺ አስከትለው «የእኔ ፍሬ ናት! ከካምፔ የወጣች ናት!» እያሉ እጅዎን ወደ ቅሉ ዘረጉ።

የድንች ሚዛኔን ይዤ የመጣሁት በአጋጣሚ ነው የሚል ምስክር አላቀርብም። ሆን ብዬ ነው ያመጣሁት። «ይጠጣሉ እንጂ፣ አሠልጣኝ! ግን የካምፑ ደንብ ይከበር፤ ጫማዎን ያውልቁና ይውጡ» አልኩዎ። ሕዝቡ «ይውጣ! ይውጣ!» ሲል፣ ፎቶ አንሺውም ስለጠበቀ፣ እየሳቁ ወጡ። ዘጠና ስድስት ኪሎ። «ጥቁር ሻይ!» ብለው የጮኹት ግን እኔ አይደለሁም፤ ዐሥራ አንዱ የካምፕዎ ልጆች ናቸው፣ በአንድ ድምፅ፣ ጣታቸውን ቀስረው። የእኔ ጥፋት ሻዩን በፔርሙዝ አዘጋጅቼ መምጣቴና ስኳር መርሳቴ ብቻ ነው።

ስለዚህ እነሆ፣ በፊርማዬና በአደባባይ፦ ስኳር ስለረሳሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የልጄን ስም ስለመሰረዝ ግን አይድከሙ። የኮሚቴው ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ እያንዳንዳቸው በካምፕዎ አንድ አንድ ልጅ ነበራቸው። ነበራቸው የምለው ልጆቹ ዐሥራ አንዱም እሑድ ከሰዓት ፍራሻቸውን ጠቅልለው ስለወጡ ነው። በኮሚቴው ደንብ ሁለት ፊርማ ይበቃልና ዝርዝሩ ሰኞ ጠዋት ናይሮቢ ደርሷል፤ የመጀመሪያው ስም የጄሜሊ ነው። ማስጠንቀቂያዎን ማክሰኞ ሲጽፉ ይህን የነገረዎ ሰው አለመኖሩ በጣም አሳዝኖኛል፤ ብቸኝነት ክፉ ነው።

ክብርዎ ከሚዛንዎ ከፍ፣ ድምፅዎ ከፊሽካዎ ዝቅ እንዲል እየተመኘሁ፣ በጥልቅ አክብሮት፣ በጠንካራ አጥንትና በጥጋብ እሰናበታለሁ።

ሮዳ ጄሩቶ
የጄሜሊ እናት፣ ወተትና ድንች ነጋዴ

ግልባጭ፦
ለዐሥራ አንዱ እናቶች
ለወተት መሰብሰቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ
በኤልዶሬት ለሚገኙት የአጥንት ሐኪም

ማሳሰቢያ፦ ከነገ ጀምሮ የእኔም የሌሎቹም ወተት ወደ ካምፑ ስለማይመጣ ለጥጃዎችዎ ቀስ ብለው ይንገሩልኝ። እነሱ ምንም አላጠፉም፤ ከሁሉም ይልቅ የእርስዎን ሥልጠና የሚያስመሰግኑት እነሱ ናቸው። አጥንታቸው እንዴት ያምራል! በሦስት ሺሕ ሜትር ሊያስመዘግቧቸው ካሰቡ ቅሌን ይዤ እመጣለሁ።