ሙጫ ያልነካው ጎሚቶ

ለተከበሩ አቶ ላይል ሃግስትሮም
የኦስትሌ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የጋዝ ማሞቂያዎች ፍተሻ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ፤ በተለይም ባለፈው ጥቅምት ወደ ወይዘሮ ቬርና ፍሪሰን ምድር ቤት እንዳይወርዱ ያገደዎት ጉልበትዎ ተሽሎት እንደሆነ ለማወቅ እጓጓለሁ። እኔ በበኩሌ አካሌ ደህና ነው። እንቅልፍ ግን ካጣሁ አምስት ወር ሊሞላኝ ነው።

ያውቁኛል፤ ከተማውም ያውቀኛል። ኦሬስት ማክሲምቹክ እባላለሁ። በዚህ በሳስካችዋን ሜዳ፣ ብርዱ ምራቅን መሬት ሳይደርስ በሚያደርቅበት አገር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የጋዝ ማሞቂያ ስገጥም ኖሬያለሁ። መሥሪያ ቤትዎ በየመስከረሙ በየቤቱ የሚያድለው፣ የበረዶ ሰው ሥዕል ያለበት ወረቀት «ማሞቂያዎን ብርዱ ሳይገባ ለታመነ ባለሙያ ያሳዩ» ብሎ ከሚዘረዝራቸው ሦስት ስሞች የመጀመሪያው የእኔ ነው። ስለዚህ ክብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ቅሬታዎቼን እንደ ሥርዓቱ በቁጥር አቀርባለሁ፤ ስጽፋቸው ሳለሁ አብዛኞቹ ወደ ራሴ ዞረው ቢገኙ አይፍረዱብኝ።

፩ኛ. ስለ ትሕትናዎ።

ቬርና ጎረቤቴ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች፤ የከተማውን ልጆች ከነአባቶቻቸው ስም ታውቃለች። ባሏ ከሞተ በኋላ አሮጌው ማሞቂያዋ ሆዱ ተሰንጥቆ ስላገኘሁት በአዲስ ቀየርኩላት። አዲሶቹ ማሞቂያዎች ጭሳቸውን የሚያወጡት በጎን ግድግዳ በኩል በሚያልፍ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። እያንዳንዱ መጋጠሚያ መጀመሪያ ሐምራዊ ፈሳሽ ይቀባል፣ ከዚያ ሙጫ ይቀባል፣ ከዚያ ይጣበቃል። ሐምራዊው ቀለም የሚደረገው እንደ እርስዎ ያለ ፈታሽ ገና ከሩቁ አይቶ «ይህ ተጣብቋል፣ ያ አልተጣበቀም» እንዲል ነው።

ሁሉንም አጣበቅሁ። ቱቦው ወደ ግድግዳው የሚታጠፍበት የመጨረሻው ጎሚቶ፣ ማለትም ክርን መሰሉ መጋጠሚያ ላይ ስደርስ የሙጫው ጣሳ ባዶ ሆነብኝ። ሌላ ጣሳ መኪናዬ ውስጥ ነበር። ነገር ግን ለአሥር ሰዓት የከርሊንግ ግጥሚያ ነበረብን፤ በረዶ ላይ ድንጋይ ለማንሸራተት ቸኩዬ ጎሚቶውን እንዲሁ በደረቁ ሰካሁትና «ነገ ጠዋት» አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ቀድመውኝ የመጡት እርስዎ ነዎት። ስደርስ ወጥ ቤት ተቀምጠው የሩባርብ ኬክ ሲበሉ አገኘሁዎት። «የኦሬስት ሥራ ነው እኮ፣ ምኑን አየዋለሁ?» ብለው ለቬርና ሲነግሯት በጆሮዬ ሰማሁ። እሷም በኩራት አየችኝ። አረንጓዴውን የማጽደቂያ ካርድ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ፈርመው ሰጡኝ፤ ወስጄ ማሞቂያው ላይ ያንጠለጠልኩት እኔ ነኝ። ካርዱን ሳንጠለጥል ጎሚቶው በዓይኔ ልክ ነበር። ሙጫው ደግሞ መኪናዬ ውስጥ ነበር። ነገር ግን ፊርማዎ እጄ ላይ ሳለ ሥራው ያለቀ መስሎ ተሰማኝ። ሰው ለመተኛት ምን ያህል ትንሽ ወረቀት እንደሚበቃው ስላስተማሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ስለ ጠቋሚው ደወል።

መርዛማው የጋዝ ጭስ ቤት ውስጥ ሲገባ የሚጮኸው የቬርና ደወል ዕድሜው አልፎ ያለ ምክንያት ይጮኽ ስለነበር ነቅዬው ነበር። አዲስ አመጣልሻለሁ አልኳት። የእርስዎ ቅጽ ላይ «ጠቋሚ ደወል አለ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አድርገዋል። ኬኩን እየበሉ ግድግዳውን ቀና ብለው ቢያዩ ኖሮ ባዶውን ምስማር ያዩት ነበር። አዲሱ ደወል እስከ ጥር ድረስ ከነማሸጊያው በመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ ነበር።

፫ኛ. ይህ ቅሬታ እርስዎን አይመለከትም፤ የማቀርብበት ሌላ ቢሮ ስላጣሁ ነው።

ጥር ላይ አራት ቀን ያላቋረጠ የበረዶ ማዕበል እንደነበር ያስታውሳሉ። በሦስተኛው ቀን ቬርና ደወለችልኝ።

«ኦሬስት፣ ራሴን ከትናንት ጀምሮ ይወቅረኛል። ሆዴም ይገለባበጣል። ጉንፋን ይሆን?»

«ከተማውን ሁሉ ይዞታል፤ ሻይ ጠጪና ተኚ» አልኳት።

«ማሞቂያህ ግን እጅህ ይባረክ፤ ቤቱ እንደ ዳቦ ምድጃ ነው» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለደንበኞቼ «ቤት ውስጥ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣባችሁ ውጡ፣ ከዚያ ደውሉ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። የተባረከ እጄን ስታሞግስልኝ ሰምቼ ስልኩን ዘጋሁ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ባለቤቴ ላሪሳ የቀይ ሥር ሾርባ ይዛላት ሄደች። ወዲያው ኮቷን ጥላ እየሮጠች ተመለሰች። «ቬርና ወለሉ ላይ ተዘርራለች! ብጠራት አትመልስም!» ገና አፏን ስትከፍት አወቅሁት። በነጠላ ጫማ በረዶውን ሰንጥቄ ሮጥኩ፤ በሮቹን በረገድኩ፤ ቬርናን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወደ ደጅ ጎተትኳት። ትተነፍስ ነበር። ላሪሳ ጭንቅላቷን ታቅፋ አምቡላንስ ስትጠብቅ እኔ ትንፋሼን ውጬ ጋዙን ልዘጋ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ።

በረዶው የቱቦውን አፍ ከውጭ ቀብሮታል፤ መውጫ ያጣው ጭስ ያልተጣበቀውን ጎሚቶ ገፍቶ ጥሎታል። ወለሉ ላይ ነበር። ንጹሕ ነጭ፤ አንዲት ሐምራዊ ጠብታ የሌለበት። ጋዙን ዘጋሁ። ከዚያ ጎሚቶውን አንስቼ ኪሴ ከተትኩት።

፬ኛ. ስለ ምርመራዎ።

አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ቀን መጡ፤ ጉልበትዎም ያን ቀን ወረደልዎት። አንድ ቁራጭ የጎደለው ቱቦ ፊት ቆምን፤ እርስዎ ክፍተቱን አዩ፣ ከዚያ የራስዎን ፊርማ ካርዱ ላይ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «የጎደለው የት ሄደ?» አላሉኝም። «መቼም ይህ በረዶ ያልሰበረው ነገር የለም» ብለው ደብተርዎን አጠፉ። እኔም «እውነት ነው» አልኩ። ሁለታችንም በአንድ ኪስ ተደበቅን።

በሪፖርትዎ «በበረዶ ክብደት የደረሰ ያልታሰበ አደጋ» ተባለ። አልበቃ ብሎዎት በመጋቢት የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ «የዓመቱ መልካም ጎረቤት» የሚል ምስክር ወረቀት ሸለሙኝ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ቬርና ጭሱ ባተረፈላት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና ሁለቱ እጆቿ አልገጣጠም እያሏት ለማጨብጨብ ስትታገል አየኋት። ፎቶ ተነሣሁ፤ ፈገግ ብያለሁ።

ምስክር ወረቀቱንና ጎሚቶውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአንድ ፖስታ ልኬልዎታለሁ። የትኛው ከየትኛው ፋይል እንደሚገባ እርስዎ ያውቃሉ።

ይህን ከመላኬ በፊት እሑድ ዕለት ቬርና ዘንድ ሄጄ ነበር። አሁን አንዳንዴ በሟች ባሏ ስም ትጠራኛለች፤ እሑድ ግን በስሜ ጠራችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጎሚቶውን፣ ግጥሚያውን፣ ካርዱን፣ ኪሴን። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ፤

«ሙጫው ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

«አንድ ደቂቃ አይሞላም።»

ተሽከርካሪ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«ያን ቀን ግጥሚያውን አሸነፋችሁ?»

«አዎ» አልኳት።

«በል ሂድ» አለችኝ። «ስትወጣ በሩን አጥብቀህ ዝጋው።»

አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ምናልባት ባጠረ ነበር። የሥራ ፈቃዴን ለአውራጃው መልሻለሁ፤ ያደረግሁትንም በጽሑፍ አስታውቄያለሁ። ስምዎን ያነሳሁት ካርዱ ላይ በጻፉት ልክ ብቻ ነው። ለመሥሪያ ቤትዎ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ በመስከረም የሚያድሉት ወረቀት ላይ የበረዶ ሰውዬውን ይተዉትና ስሜን ያውጡልኝ፤ በቦታውም «ፈታሹ ምድር ቤት መውረዱን በዓይንዎ ይዩ» የሚል መስመር ይጨምሩበት።

ያላየውን በማጽደቅ ወደር ለሌለው እጅዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣ በጥፋት ባልደረባዎ የሆንኩ፣

ኦሬስት ማክሲምቹክ
የቀድሞ ማሞቂያ ገጣሚ

ማስታወሻ፦ ከቢሮዎ ወለል ሥር ያለውን የማዘጋጃ ቤቱን ማሞቂያ ከአራት ዓመት በፊት የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ያጸደቁት ደግሞ እርስዎ ነዎት። በደንብ ሠርቼዋለሁ ብዬ አስባለሁ። እስኪጣራ ድረስ ግን መስኮትዎን ገርበብ አድርገው ቢሠሩ መልካም ነው፤ ራስዎን ካመመዎትም ጉንፋን ነው የሚልዎትን ሰው አይስሙ።