የአልማዝ እድር

እሑድ፣ ኅዳር 14

ሰፈራችን ይፈርሳል ከተባለ ወዲህ የእድራችን ሰው ጠባዩ ተለውጧል። ድሮ ተከራይም ነባርም እኩል ይመዘገብ ነበር። ዛሬ በስብሰባው ላይ የአልማዝ ጉዳይ ተነሳ። እኔ ግቢ ተከራይታ የምትኖር ልጅ ናት፤ እናቷ ሕመሙ ስለጠናባቸው እድር ልግባ ብላ ነበር።

«ተከራይ ነገ ይሄዳል፤ አሁን እኛው ለእኛው እንሁን» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እኛስ ነገ የት እንደምንጣል እናውቃለን?» አልኩ።

ጎረቤቴ አስካለ ሳቀች። «ምነው፣ አንቺም ተከራይ ሆንሽ እንዴ?»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። እነዚህ ካኮረፉኝ ማን ይቀብረኛል? አትግባ ከሚሉት ጋር እጄን አወጣሁ። ክረምቱን አልጋ ላይ ስውል ገላዬን ያጠበችኝ ግን አልማዝ ናት።

አመሻሽ ላይ መጣች። «እማማ፣ ማን ተናገረልኝ?»

«ጆሮዬ ደክሟል፣ አልሰማሁም» አልኳት።

ነገ ጤና ጣቢያ ወስጄ ጆሮዎን አሳይልዎታለሁ አለችኝ።